ጀልባዬን ማን ነካው?

እኛ ቤት ሙሉ መጽሐፍ አልነበረም። መጽሐፍማ ሞልቷል፤ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ላይ፣ የወጥ ቤቱ መስኮት እንዳይዘጋ የተደገፈበት ሳይቀር መጽሐፍ ነው። ሙሉ ግን አንድም የለም። አባቴ ማተሚያ ቤት ጠራዥ ስለነበር ወደ ቤት የሚያመጣው ለሽያጭ የማይሆነውን ነው፤ ገጹ የተደገመውን፣ ሽፋኑ ተዘቅዝቆ የተለጠፈውን፣ መሃሉ የጎደለውን። በእነሱ ቋንቋ "ብልሽት" ይባላል። የሰው ልጅ ሁሉ ከገጽ አንድ ተነስቶ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲያነብ፣ እኔ ከአርባ ስምንት ወደ ስልሳ አምስት እየዘለልኩ አደግሁ። በመሃል ምን ሆነ ብዬ ስጠይቀው አባቴ ቀና ሳይል ይነግረኛል። አንብቦት አይደለም። "ይታወቃል" ነበር መልሱ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። መጽሐፍ ገጽ በገጽ አይታተምም። አንድ ትልቅ ወረቀት ፊትና ጀርባው ይታተምና ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። እኛ ቤት ያንን "እጥፋት" እንለዋለን። እጥፋቶቹ በተራ ይደረደራሉ፣ በጀርባቸው በኩል ይሰፋሉ፣ ኮላ ይቀባሉ፣ ሽፋን ይለብሳሉ። ታዲያ ደርዳሪው እንቅልፍ ሸለብ ካደረገው አንዱን ይዘለዋል፤ ወይ አንዱን ሁለቴ ያስገባዋል፤ ሲብስበት ደግሞ የሌላ መጽሐፍ እጥፋት ይደነቅርበታል። አንድ ጊዜ ልዑሉ ተንበርክኮ "የልቤ ንግሥት ሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" ሲል ገጹን ብንገልጠው፣ "ተሽከርካሪው ቁልቁለት ላይ ሲቆም የእጅ ፍሬን መያዝ ይኖርበታል" ይላል። ከመንጃ ፈቃድ መማሪያ የገባ ነው። እማዬ ያን ቀን እስኪያማት ሳቀች። "ከዚህ ልዑል አፍ የወጣ የመጀመሪያው ጠቃሚ ነገር!" አለች።

እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። "ሁለታችንንም መርፌ ናት የምታበላን" ትለው ነበር አባቴን፤ "ልዩነቱ የኔ ደንበኞች አልበቃኝም ብለው ይመልሱታል።" ነገረኛ ናት፣ ነጭናጫ ናት፣ ግን እሷ በሌለችበት ቤቱ ውስጥ የሚስቅ ሰው አይገኝም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የስፌት መኪናዋ ሽፋን ለበሰ፣ እሷም ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ ተኛች። እኔ ደከማት አልኩ። ለስንት ዓመት ሙሉ እግሯ ፔዳል ሲረግጥ ኖሮ፣ ቢደክማት ምን ይገርማል?

ያኔ ነው ሰባት ቅጽ ያለው ረጅም ልብ ወለድ ማተሚያ ቤቱ የገባው። ሰይፍና አስማት፣ ዘንዶና የጠፋ ልዑል፣ የሚናገር ቁራ፣ የማይደረስበት መንግሥት። እያንዳንዱ ቅጽ ተጠርዞ ባለቀ ቁጥር አባቴ ብልሽቱን በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። ከሥራ ሲገባ እጁን ይታጠባል፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ኮላ ግን በምንም አይለቅም። ከዚያ በርጩማውን መኝታ ክፍሉ በር ላይ ያስቀምጥና ማንበብ ይጀምራል። እኔ ደፉ ላይ እቀመጣለሁ። እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች።

አነባበቡ ጩኸት ነበረው። "አባዬ፣ ደንቆሮ ነኝ እንዴ?" አልኩት አንድ ቀን። "ድምፄን ላፍታታ ብዬ ነው" አለኝ። የሚነበበው ለኔ ብቻ መሆኑ የልብ ልብ ሰጥቶኝ ትምህርት ቤት እጎርርበት ነበር። አሁን ያቺ ቤት ትዝ ስትለኝ የአባቴ አቀማመጥ ይታየኛል። እኔ ከእግሩ ሥር ነበርኩ፤ ፊቱ ግን ሁልጊዜ ወደ መጋረጃው ነበር። እማዬ "አንብብልኝ" የምትል ሴት አይደለችም። አንዴ አክስቴ "ላንብብልሽ እህቴ?" ብትላት፣ "ምነው፣ ዓይኔን ቀበራችሁት እንዴ?" ብላ ጋዜጣውን ከእጇ ነጥቃታለች። ስለዚህ ለልጅ ይነበባል፣ እሷም ባጋጣሚ ትሰማለች። ሰበቡ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን ባለቤቱ መስሎኝ ነበር።

መጽሐፎቹ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሁሉም አንድ ናቸው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ልዑሉ ሰይፉን ይጥላል። ቁራው ይዋሻል። ወደ ጫካው አትግቡ ይባላል፤ ይገባሉ። ከመጨረሻው በፊት ባለው ምዕራፍ አስማተኛዋ ቀዛፊ በጎርፍ ትወሰዳለች። ይህቺ ቀዛፊ አሮጊት ናት፤ ሰዉን ሁሉ በጀልባዋ ከወዲህ ወዲያ ታሻግራለች፣ እያሻገረችም ትነጫነጫለች። ተሳፋሪው ከበደ፣ ውሃው ቀዘቀዘ፣ ልዑሉ አያመሰግንም፣ ቁራው ጀልባዋን አቆሸሸ። በጎርፍ ስትወሰድ መንግሥቱ ሁሉ ያለቅሳል። በመጨረሻው ገጽ ልዑሉ አንገቱን ደፍቶ ብቻውን ሊሻገር ጀልባዋን ከግንዱ ሲፈታ፣ ከሸምበቆው ውስጥ "ጀልባዬን ማን ነካው?" የሚል ጩኸት ይሰማል። መጣች ማለት ነው። ስድስት ቅጽ፣ ስድስት ጊዜ።

እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ቀድማ ትናገራለች። "አሁን ሰይፉን ሊጥል ነው።"

"ሰይፉም ከእጁ አምልጦ…" ብሎ ያነባል አባቴ።

"አላልኩም? ሰውዬው እኮ ዕቃ አይያዝለትም። እናቱ በገመድ አንገቱ ላይ ብታስርለት ምን ነበረበት!"

የመጨረሻዋን መስመር ግን አባቴ አያነባትም። "ከሸምበቆው ውስጥም አንድ ድምፅ ተሰማ" ይልና ያቆማል። ያቺን የምትለው እማዬ ናት። ባላት አቅም "ጀልባዬን ማን ነካው?" ስትል አባቴ መጽሐፉን ይዘጋና ብቻውን ፈገግ ይላል።

"አባዬ፣ መጨረሻው ከታወቀ ለምንድነው የምናነበው?" ብዬ ጠይቄዋለሁ።

"አክስትሽ በር ላይ ስትደርስ ምን እንደምትል ታውቂ የለ?"

"'ውይ! ከስታችኋል!' ነው የምትለው።"

"ታዲያ ታውቂው የለ ወይ፣ ለምን ደጅ ወጥተሽ ትጠብቂያታለሽ?"

አክስቴን ስለምወዳት ነዋ። ቀዛፊዋንም እንደዚያው እወዳት ነበር። ልዑሉ እንኳ ሰይፉን ሲጥል አንጀቴን ይበላኝ ጀመር።

በዚያ ዓመት እማዬ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገብታ ወጥታለች። ስትሄድ አባቴ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ይሮጣል፣ አክስቴ ልብስ በፌስታል ትጠቀጥቃለች፣ ጎረቤት ደጁ ላይ ይቆማል። እኔ ግን አልደነግጥም። ሳምንት አሥር ቀን ትቆይና ትመለሳለች፤ በአክስቴ ክንድ ተደግፋ፣ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ አየት ታደርግና፣ "ድስቴን ማን ነካው?" ትላለች። ሁላችንም እንስቃለን። የተለመደ ነዋ። የመጨረሻው ገጽ ላይ መምጣቷ አይቀርም።

ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ አክስቴና አባቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"ከእንግዲህ ወዲህ መመላለስ አያስፈልግም ነው ያሉት?" አለች አክስቴ።

"አያስፈልግም አሉ። ቤቷ ትሁን አሉ።"

"ምንም ሳይጨምሩ?"

"የሚያስታግስ ሰጥተዋታል።"

እኔ በደስታ ሰፈሩን አዳረስኩት። "እማዬ ድናለች! ዶክተሩ ከእንግዲህ ሆስፒታል አትምጪ ብሏታል!" እያልኩ ቤት ለቤት ተናገርኩ። ባለ ሱቋ ሴትዮ ጭንቅላቴን ዳብሳ አንድ ከረሜላ በነፃ ሰጠችኝ፤ ሌላ ጊዜ ሬሳዋ ቢወጣ የማትሰጥ ሴት ነበረች። ቤት ስመለስ አክስቴ አንድ ንጹሕ ብርጭቆ መላልሳ ታጥባለች። ከረሜላውን አሳየኋት። "ጎሽ የኔ ልጅ" አለችና ፊቷን ወደ ቧንቧው መለሰች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን ነገር በገዛ አፌ እየዞርኩ ስናገር፣ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰባተኛው ቅጽ በዚያው ሰሞን መጣ። የመጨረሻው ስለሆነ ወፍራም ነው። አባቴ ልማዱ ነው፣ ለኛ ከማንበቡ በፊት ለራሱ ወደፊት ያያል። አንድ እሁድ እማዬ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ፣ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉን ከፊቱ ዘርግቶ፣ የጥረዛ ቢላዋውን ይዞ አየሁት። የእማዬ የክር ሳጥን አጠገቡ ተከፍቷል።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ጀርባው ላልቷል፤ ላጠብቀው ብዬ።" ዓይኑ ቀልቷል። የኮላው ሽታ ነው አልኩ፤ ኮላ ግን አልነበረም።

ማታ ለማንበብ ሲቀመጥ ጆሮውን እያከከ፣ "ይሄኛውም ብልሽት ነው። የመጨረሻው እጥፋት የለውም" አለ።

"የመጨረሻው?" አለች እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ። "ሰባት ቅጽ ሙሉ ተንከርፍፈን ከቆየን በኋላ? ደርዳሪያችሁን እግዜር ይየው!"

"ችግር የለም። ይታወቅ የለ? እዚያ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።"

"ይታወቃል፣ ይታወቃል" አለች እማዬ። "በል አሁን፣ ሰይፉን የት ጣለው?"

በየቀኑ አንድ አንድ ምዕራፍ ሄድን። እማዬ ቀድማ መናገሩን ቀነሰች። አንዳንዴ ምዕራፉ ሲያልቅ "ተኝተሻል?" ይላታል፤ "አልተኛሁም፣ ቀጥል" ትለዋለች፤ ድምፅዋ ግን ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ሊያልቅ ሦስት ምዕራፍ ሲቀረው፣ መምህራችን የደረቀ ቅጠል አምጡ አሉን። የቤታችን ጥግ ላይ የአባቴ መጭመቂያ ነበረች፤ ሁለት ጣውላና በላይዋ ብሎን ያላት፣ የተጠገነ መጽሐፍ የሚታሰርባት። ቅጠሌን ላስርባት ብሎኑን ሳላላ፣ በጣውላዎቹ መሃል ወረቀት አገኘሁ። እጥፋት ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ "ተፈጸመ" የሚል አለበት።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! አባቴ ማተሚያ ቤት ፈልጎ አግኝቶት፣ ሊያስገርመን ደብቆት ነው ብዬ ደመደምኩ። አባቴ ሥራ ነው፣ አክስቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

"እማዬ! የጎደለው እጥፋት ተገኘ!"

እማዬ ትራሷ ላይ ከፍ ብላ ነበር። እጇ አንሶላው ላይ ተዘርግቷል፤ ጣቶቿ በጣም ቀጥነው፣ የስፌት ቀለበቷ ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱን አየችው። እኔን አየችኝ።

"የት አገኘሽው?"

"መጭመቂያው ውስጥ። አባዬ ሊያስገርመን ነው። እኛ ቀድመን እናስገርመው?"

"አንብቢያ" አለችኝ።

እየተንተባተብኩ አነበብኩላት። ገጾቹ ከሌላው ተቆርጠው ስለወጡ ልቅ ነበሩ፣ ከእጄ እያመለጡ አስቸገሩኝ። ጎርፉ መጣ። ቀዛፊዋ የመንግሥቱን ሰው አንድ በአንድ አሻገረች። ልትጨርስ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ስትቀራት መሃል ወንዝ ላይ መቅዘፏን አቆመች። "ክንዴ ደከመ። አሁን አንቺ ቅዘፊ" አለቻት፤ መቅዘፊያውን ሰጠቻት። ልጅቷ ቀዝፋ ዳር ስትደርስ ዞር ብትል ቀዛፊዋ ጀልባው ወለል ላይ ጋደም ብላለች። ቀበሯት። ልዑሉ ጀልባዋን ከግንዱ ፈታ። ሸምበቆው ዝም አለ። ልዑሉ ቆሞ ጠበቀ፤ ማንም አልጮኸበትም። ተፈጸመ።

ገጹን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው።

"ብልሽት ነው!" ብዬ ጮህኩ። እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። "እማዬ፣ የሌላ መጽሐፍ እጥፋት ነው የገባበት! እንደዚያ እንደ መንጃ ፈቃዱ! እሷ እንዲህ አትሆንም!"

በሌላ ቤት ያደገች ልጅ እንዲህ አትልም ነበር። እኛ ቤት ግን መጽሐፍ ሲሳሳት ጥፋቱ የደርዳሪው ነው፤ ይታወቃል። እማዬ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ በዚያ በደከመ ድምፅዋ ሳቀች። እየሳቀች ዓይኗን በአንሶላው ጠረገች።

"እንዴታ! የሌላ መጽሐፍ ነው። ስሟም እኮ አልተጻፈም፣ አየሽ? ሌላ ቀዛፊ ናት። ነይ፣ አታልቅሺ። መጽሐፉን ወዲህ አምጪልኝ።"

ሰባተኛውን ቅጽ ሰጠኋት። ከፍታ ወደ ጀርባው፣ ወደ ስፌቱ አየች። ማተሚያ ቤቱ የሚሰፋው በነጭ ወፍራም ክር ነው። መጨረሻው ላይ ግን የተቋጠረው ክር ሰማያዊ ነበር፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋበት ክር። አውራ ጣቷን አሳረፈችበት።

"ክሬን ማን ነካው?" አለች ቀስ ብላ።

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። መርፌ አምጪ አለችኝ። ክሩን እኔ አስገባሁላት፤ ዓይኗ አልሠራ ብሏታል። ልቅ ገጾቹን ጠርዛቸውን አስተካክላ፣ መሃላቸውን ሁለት ጊዜ ወጋቻቸውና ቋጠረችው። መርፌዋን እያሳረፈች ብዙ ቆየች። ስፌቱ ጠማማ ሆነ፤ ያቺ ለደንበኛ ጠማማ ስፌት ከምትሰጥ ጣቷን የምትቆርጥ ሴት፣ አይታው አልፈታችውም። የፈለገችው ገጾቹ እንዳይበተኑ ነው አልኩ።

"አሁን ወደ ነበረበት መልሺው። ብሎኑን አጥብቂ። ለአባትሽም እንዳትነግሪው።"

"ለምን?"

"የራሱን መጨረሻ ይንገረን። የሱ ይሻላል።"

እጥፋቱን መለስኩት፤ ቅጠሌንም ከላዩ አድርጌ ብሎኑን አጠበቅሁ።

በሦስተኛው ቀን እዚያ ደረስን። አባቴ የመጨረሻውን ገጽ አንብቦ ቆመ። መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘጋ። "እንግዲህ የቀረው ይታወቃል" ብሎ ጀመረ። ጎርፉ መጣ አለ፤ ቀዛፊዋ ሁሉንም አሻገረች፤ ውሃው ወሰዳት፤ ሁሉም አለቀሰ። ልዑሉ ጀልባዋን ሊፈታ መጣ… እዚያ ጋ ሲደርስ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ መጣ።

"ከዚያስ?"

ከዚያማ ልዑሉ ገመዱ አልፈታ አለው። በጥርሱ ሊፈታው ሞከረ። እማዬ ሳቀች። "ከዚያስ?" አለች። ከዚያማ ቁራው መጥቶ፣ "ገመዱን የምፈታልህ እውነቱን ከነገርከኝ ነው" አለው። ከዚያስ? የቀረው ለነገ።

በማግስቱ ጠባቂ ዘንዶ መጣ። በሦስተኛው ቀን የዘንዶው እናት፤ እሷም ልጇ አይበላልኝም ብላ የምትጨቃጨቅ ናት። አባቴ በሕይወቱ እንዲያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ኮላና ክር እንጂ ወሬ የማያውቀው ሰውዬ፣ ቀን ቀን ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ለማታ የሚሆን ሲያሰላስል ይውል እንደነበር ኋላ የሥራ ጓደኞቹ ነገሩኝ። አሥራ ስድስት ገጽ ለመሙላት አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በየቀኑ ጀልባዋ ልትፈታ ትንሽ ሲቀራት ያቆማል፣ በየቀኑ "ከዚያስ?" ይባላል። ድምፅዋ እያነሰ መጣ፤ ግን አንድም ቀን አልቀረም።

በዘጠነኛው ቀን እኔ ሰለቸኝ። "አባዬ፣ አያልቅም እንዴ?" አልኩት። በአባቴ ፊት ላይ ያን ቀን ያየሁትን ዳግም በሰው ፊት ላይ ማየት አልፈልግም። ያቺን ጥያቄ መልሼ ብውጣት ያለኝን ሁሉ እሰጥ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አባቴ ከሥራ ቀድሞ ገባ፤ ፀሐይ ገና ከመስኮቱ አልሸሸችም። አክስቴ ከመጋረጃው ውስጥ ነበረች። አባቴ ጀመረ፤ ልዑሉ ገመዱን እስከ መጨረሻው ቋጠሮ አድርሶታል። ቆመ። ጠበቀ። ምንም አልተሰማም። እንደገና ጠበቀ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው "ከዚያማ…" ብሎ ቀጠለ፤ ፈጠን ፈጠን እያለ። አክስቴ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ትከሻው ላይ እጇን አሳረፈች። "ወንድሜ፣ በቃ" አለችው። እሱ አላቆመም። ገመዱ ተፈታ፣ ልዑሉ አንድ እግሩን ጀልባው ውስጥ አስገባ፣ "ከሸምበቆው ውስጥም አንድ ድምፅ ተሰማ" አለና ዝም አለ።

ያቺን የምትለው እማዬ ናት። ዝም ሲባል ጨነቀኝ። እንቅልፍ ወስዷት ነው፣ መጨረሻው ሊያመልጣት ነው ብዬ፣ እንድትነቃ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ እኔ ጮህኩላት። "ጀልባዬን ማን ነካው?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ቤት ያውቀዋል፤ አልተርከውም። ከዚያ ወዲያ ስላደረግሁት ግን ልናገር። የእማዬ ትልቁ ድስት የሚቀመጥበት መደርደሪያ ነበር። በየጠዋቱ ድስቱን አንስቼ ሌላ ቦታ አስቀምጠዋለሁ፤ አንዴ መስኮት ላይ፣ አንዴ አልጋ ሥር፣ አንዴ የስፌት መኪናው ላይ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦታው ተመልሶ አገኘዋለሁ። እሷ መጥታ የመለሰችው መስሎኝ ልቤ የሚመታው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻ ነበር። የሚመልሰው አባቴ መሆኑን ካወቅሁ በኋላም ግን አላቆምኩም። ወራት ሄድን እንዲህ፤ እኔ አንስቼ፣ እሱ መልሶ፣ ሁለታችንም ትንፍሽ ሳንል።

አሁን እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያረጁ መጻሕፍት እጠግናለሁ። አባቴ አርጅቶ ከኔ ጋር ይኖራል። ሰባተኛውን ቅጽ ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም ነበር፤ ባለፈው ክረምት ግን ሽፋኑ ተገንጥሎ ስላየሁት ልጠግነው ብዬ አነሳሁት። ይህን ሥራ ሃያ ዓመት ሠርቼዋለሁ። ደርዳሪ የዘለለው እጥፋት ቦታ አይተውም፤ ስፌቱ ከመጀመሪያውም አያውቀውም። እዚህ ግን የተቆረጠ ነጭ ክር ጫፉ አለ፤ በሹል ቢላዋ፣ በተካነ እጅ። ከበላዩ ሰማያዊው ክር።

መጭመቂያዋ ከቤት ወደ ቤት ስንዛወር አብራን ዞራለች፤ አባቴ "እሷን አትንኩብኝ" ስለሚል ብሎኗን የፈታ አልነበረም። ፈታሁት። የኔ ቅጠል ደርቆ ዱቄት ሆኗል። ሥሩ እጥፋቱ አለ፣ መሃሉ ላይ ጠማማ ሰማያዊ ስፌት፣ ሁለት ቀዳዳ፣ አንድ ቋጠሮ። የሌላ መጽሐፍ አልነበረም። ቆሜ አነበብኩት፤ አሁን ሳልንተባተብ።

ይዤው ሄድኩ። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ዓይኑ ደክሟል፤ በአውራ ጣቱ ግን ስፌቷን ዳሰሳት።

"አውቀህ ነበር?" አልኩት።

"ስፌቷን አላውቅም እንዴ? አንቺ ብሎኑን እንደኔ አታጠብቂውም ነበር። የዚያኑ ዕለት ከፍቼ አየሁት።"

"ማወቋን አውቀህ?"

"አዎ።"

"ማወቋን አንተ እንድታውቅ ነው የሰፋችው እኮ፣ አባዬ። ታዲያ ሁለታችሁም መጨረሻውን ካወቃችሁ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ለምን…"

አባቴ አውራ ጣቱን ከስፌቷ ላይ አላነሳም።

"'ከዚያስ?' ስትለኝ፣ ልጄ" አለኝ፣ "'አለቀ' ልበላት?"